ከድሬዳዋ ወደ ጋምቤላ፦ ባሮንና የምዕራቡን ደን በአነስተኛ ገንዘብ ለማየት ምን ትመክሩናላችሁ?

የሳቢያኑ መምህር (ድሬዳዋ)

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ውጤት ከገባ በኋላ በሚኖረን አጭር እረፍት፣ ጥር መገባደጃ ላይ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጋምቤላን ለማየት አስበናል። ሁለታችንም የአገራችንን ምዕራባዊ ክፍል ረግጠነው አናውቅም፤ ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለው አገር ለእኛ በካርታ ላይ ብቻ ያለ ነው።

ለምን ጋምቤላን እንደመረጥን ብናገር መልሳችሁን ያቀናዋል ብዬ አምናለሁ። ያደግነው ደቻቱ አጠገብ ነው። ወንዝ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ ከርሞ፣ ደጋው ላይ ዝናብ በጣለ ሌሊት ግን ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ የሚወርድ ጎርፍ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰውን እልቂት የድሬ ሰው እስከ ዛሬ በኀዘን ያስታውሰዋል። በበጋም የማይደርቅ፣ ታንኳ የሚቀዘፍበት፣ በዳርቻው ከተማ የተቆረቆረበት ወንዝ በገዛ አገራችን እያለ ሳናየው መኖራችን ዘወትር ይቆጨኛል። ጥቅጥቅ ያለ የዝናብ ደንም በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ያጠራቀምነው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ሎጅ ማረፍም ሆነ መኪና ተከራይቶ መጓዝ ከአቅማችን በላይ ነው። በየትኛው መንገድ ብንሄድ እንደሚሻል፣ በምን በምን ላይ መቆጠብ እንደሚቻልና በምን ላይ ፈጽሞ መቆጠብ እንደማይገባን፣ ስለ ወባውና ስለ ጸጥታውም የምታውቁትን ብትነግሩን ውለታችሁን አንረሳም። ሙቀቱን በተመለከተ የድሬ ልጆች ነንና ይከብደናል ብለን አልሰጋንም ነበር፤ ሆኖም የዚያኛው ሙቀት ከእኛው የተለየ ነው የሚሉን ሰዎች አሉ።

የከዚራው ቀያሽ (ድሬዳዋ)

መምህር፣ አሳባችሁ መልካም ነው። በመንገድ ሥራ በቀያሽነት ተመድቤ በኢሉባቦርና በጋምቤላ መካከል ለረጅም ጊዜ ስመላለስ ስለኖርሁ መንገዱን በሚመለከት የማውቀውን ልንገርዎ።

ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ የሚያደርሱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ የሚያልፈው ሲሆን፣ በወለጋ ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት ለእንግዳ ሰው አልመክረውም። ሁለተኛው በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ቁልቁል የሚወርደው ነው፤ ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እናንተ ደን ማየት ከፈለጋችሁ ምርጫው በራሱ ተወስኗል፤ ደኑ ያለው በዚህኛው መንገድ ላይ ነውና።

ከድሬ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጉዞ በባቡር እንድታደርጉት እመክራለሁ። የባቡሩን መነሻ ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የቀረውን ጉዟችሁን በእሱ ላይ ተመሥርታችሁ አስሉ እንጂ ባቡሩን ከሌላው ዕቅዳችሁ ጋር ለማስማማት አትድከሙ። ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ፉሪ ለቡ፣ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ስለሆነ፣ ከዚያ ወደ ማደሪያችሁና በማግሥቱ ወደ መናኸሪያ ለሚወስዳችሁ ታክሲ ገንዘብ ለብቻው ያዙ። ብዙ ሰው በጀቱን ሲያወጣ ይህቺን ይዘነጋታል፤ በሻንጣ ተጭኖ በሌሊት መናኸሪያ ለመድረስ የሚከፈለው የታክሲ ሒሳብ ግን ቀላል አይደለም።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ ጋምቤላ የሚገባ አውቶቡስ አለ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መንገድ ላይ ያድራል። የእኔ ምክር ግን በቀጥታው እንዳትሳፈሩ ነው። የመጀመሪያውን ቀን እስከ ጅማ፣ ሁለተኛውን ከጅማ መቱ፣ ከዚያም ከመቱ ጋምቤላ አድርጋችሁ ብትከፋፍሉት በየከተማው መናኸሪያ ሚኒባስ ወይም አነስተኛ አውቶቡስ ታገኛላችሁ። ለትራንስፖርት የሚጨመረው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በምትኩ አገሩን በብርሃን እያያችሁ ትሄዳላችሁ፤ እዚያም እዚህም የማደር ነጻነት ይኖራችኋል። የምሽት ጉዞ በየትኛውም ክፍል ላይ አታድርጉ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ለረጅም መንገድ የሚጣራ ሚኒባስ ካጋጠማችሁ ረዳቱ ምንም ቢላችሁ አልጋ ያዙና በማግሥቱ ሂዱ።

በጉዞው ውስጥ እጅግ የሚያምረው ክፍል ከጎሬ እስከ ጋምቤላ ያለው ነው። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ላይ ናት። ጎሬ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረው ሰው ቡሬን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጋቢውን አጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ሹራቡን ያወልቃል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ መስኮት ክፈቱልኝ ማለት ይጀምራል። ጆሯችሁ ይደፈናል፤ ምራቅ ስትውጡ ይከፈታል። ዛፎቹም ከሰዎቹ ልብስ ጋር አብረው ይለወጣሉ፤ ሐረግ የተጠመጠመባቸው ረጃጅም ዛፎች እየሳሱ ሄደው ቦታቸውን ለሣርና ለቆላ ቁጥቋጦ ይለቃሉ። ለዚህ ሲባል ከመቱ በጠዋት ተነሱ፤ ቀደም ብላችሁ ገብታችሁም የመስኮት ወንበር ያዙ።

ስለ ማደሪያ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። ጋምቤላ በስፋቷ ከሚመሳሰሏት ከተሞች ይልቅ አልጋ የሚወደድባት ከተማ ናት። ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ስለሚያስተናግድ የረድኤት ድርጅቶች ሠራተኞች በብዛት ይመላለሱባታል፤ ደኅና ደኅናዎቹን ክፍሎች እነሱ ይይዟቸዋል። ትክክለኛ ዋጋ ብጽፍላችሁ አሳስታችኋለሁ፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የአልጋም የትራንስፖርትም ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። መቱ ላይ የምትከፍሉትን መነሻ አድርጋችሁ ለጋምቤላ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ያዙ። በፔንሲዮኖች ስትጠይቁ ከዋጋው በፊት ክፍሉን ግቡና እዩ፤ ኮርኒስ የሌለው፣ ቆርቆሮው ራስጌ ላይ የሚታይ ክፍል ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋው ያድራል። መስኮቱ ወንፊት ያለው መሆኑን፣ ቬንትሌተሩም የሚሠራ መሆኑን አብርታችሁ አረጋግጡ። ሁለት ወንድማማቾች ስለሆናችሁ አንድ ሰፊ ክፍል መያዝ ከሁሉ የበለጠ ይቆጥብላችኋል።

ሙቀቱን የነገሯችሁ ሰዎች እውነታቸውን ነው። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ላብ ወዲያው ይደርቃል፤ ጥላ ውስጥ የገባ ሰው ያርፋል። የባሮ ዳር ሙቀት ግን፣ በተለይ ዝናብ በገባ ጊዜ፣ እርጥበት ስላለው ጥላም ብዙ አይረዳም። ጥር ላይ ዝናብ ስለሌለ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሰማዩም ይገለጣል። ሆኖም ሙቀቱ ወደ ላይ መውጣት የሚጀምርበት ጊዜ ነው፤ የካቲትና መጋቢት ላይ 40 ዲግሪ የሚነካባቸው ቀናት አሉ። እዚህ ድሬ እኩለ ቀን ላይ እንደምናደርገው በጠዋት ወጥታችሁ፣ ቀትር ላይ ተከታችሁ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ውጡ። ሽርጣችሁን አትርሱ፤ ክፍል ውስጥ ከእሱ የተሻለ ልብስ የለም።

የጀጎሉ ጡረተኛ (ሐረር)

ልጄ መምህር፣ ቀያሹ ስለ መንገዱ የጻፈው ትክክል ነው። እኔ ታሪክና ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ጉዟችሁን ከመጀመራችሁ በፊት መስተካከል ያለበት አንድ አሳብ ታይቶኛል። ጋምቤላ ከተማ ራሷ በዝናብ ደን ውስጥ ያለች ከተማ አይደለችም። ከተማዋ ያለችው በቆላ ሜዳ ላይ ነው፤ ዙሪያዋ ረጅም ሣርና ተራርቀው የበቀሉ ዛፎች ናቸው። እናንተ የምትመኙት ደን ከእሷ በላይ፣ በደጋው ጠርዝና በቁልቁለቱ ላይ ነው ያለው፤ በኢሉባቦር፣ በሸካ፣ በማጃንግ። ገንዘባችሁንና ሌሊቶቻችሁን በሙሉ ጋምቤላ ላይ ካዋላችሁ ወንዙን አይታችሁ ደኑን ሳታዩ ትመለሳላችሁ። በእኔ ግምት ከምታድሩባቸው ሌሊቶች ግማሹ መቱ ላይ መሆን አለበት። ይህ ደግሞ ለኪሳችሁም ይስማማል፤ ቀያሹ እንዳለው አልጋ እዚያ ይረክሳልና።

ደኑና ወንዙ አንድ ነገር እንደሆኑ ማወቅ ጉዞውን ያጣፍጠዋል። ባሮ የሚባለው ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ከተገናኙ በኋላ ነው፤ ሶር ደግሞ ወደ ገባ ይፈሳል። ሁሉም የሚነሱት ከዚያው ዝናባም ደጋ ነው። በጎሬ አካባቢ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል፤ የድሬዳዋው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ ወገን ዝናቡ ጥቂት ከመሆኑም በላይ ተራራው ስለተራቆተ የጣለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ያልፋል። በዚያ ወገን ግን ዝናቡ ረጅም ወራት ይቆያል፤ ዛፉም ሥሩም የረገፈው ቅጠልም ውኃውን ይዘው ቀስ በቀስ ይለቁታል፤ ባሮ በጥር ወር የሚፈስሰው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃው ከዚያ አልፎ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባልና ደቡብ ሱዳን ውስጥ ከነጭ አባይ ጋር ይቀላቀላል።

በበደሌና በመቱ መካከል ያዮ የተባለው አካባቢ አለ። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የከፋውም በዚያው ዓመት ነው፤ የሸካ በ2004፣ የማጃንግ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተከትለዋል። ለሐረርጌ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ያዮ ነው። እኛ የምናውቀው ቡና በእርሻ ማሳና በጓሮ ተተክሎ፣ ተኮትኩቶ፣ ፍሬው ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቀውን ነው። እዚያ ግን ቡናው ማንም ሳይተክለው በትላልቅ ዛፎች ሥር ጥላ ውስጥ ይበቅላል፤ ግንዱ ቀጭን ነው፤ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ፍሬውም እንደኛው ቅርንጫፉን የሚያጎብጥ አይደለም። ዓረቢካ ቡና በተፈጥሮው የደን ተክል መሆኑን በመጽሐፍ ማንበብና ከጎኑ ቆሞ ማየት በጣም ይለያያሉ። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ታያላችሁ፤ በጠዋት ጸጥ ብላችሁ ከቆማችሁ ከማየታችሁ በፊት ድምፁን ትሰማላችሁ። ወደ ደኑ ለመግባት ከቀበሌው ወይም ከወረዳው ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንድ የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእሱ የምትከፍሉት ገንዘብ ከጉዟችሁ ሁሉ በደንብ የዋለው ይሆናል። ከመቱ ብዙ ሳይርቅ፣ በበቾ በኩል፣ የሶር ፏፏቴም አለ፤ ወደ ታች የሚያወርደው የእግር መንገድ በደን ውስጥ ስለሆነ የሚያንሸራትት መሬት የሚይዝ ጫማ አድርጉ።

ጋምቤላን በተመለከተ ለድሬዳዋ ልጅ ሳልነግረው የማላልፈው ነገር አለ። የሁለቱ ከተሞች ልደት የአንድ ዘመን ሥራ ነው። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ማለቂያና በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ እየተጠጋ መጥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከምሥራቅ በባቡር፣ ከምዕራብ በእንፋሎት መርከብ አገሪቱ ሁለት የንግድ በሮች ተከፈቱላት። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የምዕራቡን ቡና ይጭኑ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል ንግዱም እስከ ከርሞ ይቆማል። ውሉ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የሚጸና ስለነበር፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የድሬዳዋን የባቡር ሠፈር ከዚራን እያየ ያደገ ሰው ባሮ ዳር ሲቆም ይህን ቢያስብ ከተማዋ አዲስ አትሆንበትም።

የመድኃኒት ባለሙያዋ (ሐረር)

ጋሼ የጻፉት ስለ ደንና ስለ ታሪክ ከሆነ እኔ ስለ ወባ ልጻፍ። መምህር ፈጽሞ መቆጠብ የማይገባን በምን ላይ ነው ብለው ለጠየቁት መልሴ ይኸው ነው።

የድሬ ሰዎች ወባን እናውቃታለን፣ አትጎዳንም የሚል አነጋገር በሥራ ቦታዬ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ አደገኛ አስተሳሰብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ወረርሽኝ ያስነሳችው አኖፊለስ ስቴፌንሲ የተባለችው፣ በከተማ በሮቶና በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው ትንኝ ናት። በጋምቤላ ቆላ ግን ወባ የሚዛመተው በወንዝ ዳርና በረግረግ በሚራቡ ሌሎች ትንኞች አማካይነት ነው፤ ስርጭቱም ከእኛው ይልቅ ጽኑ ነው። ድሬ ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ታሞ መዳን ለዚያ አገር መከላከያ አይሆንም።

ከመሄዳችሁ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ስለ መከላከያ መድኃኒት ተማከሩ። ጊዜውን አስፍቼ የምናገረው አንዳንዱ መድኃኒት ከጉዞው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አስቀድሞ መጀመር ስላለበት ነው። ዶክሲሳይክሊን ግን ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከተመለሱ በኋላም ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ተጓዦች ቤታቸው ሲደርሱ ያቋርጡታል፤ የወባው ጥገኛ ተሕዋስ ግን ያን ጊዜ ገና በጉበት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ፀሐይን የማይቋቋም ቆዳ ስለሚያደርግ ባርኔጣና እጀ ረጅም ሸሚዝ ያስፈልጋል፤ በብዙ ውኃ ዋጡት፤ ወዲያውም አትተኙ። ኮአርተም ሕክምና እንጂ መከላከያ አይደለም፤ ገዝታችሁ ሳትመረመሩ እንዳትወስዱት።

አጎበር ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በኬሚካል የተነከረው ይመረጣል። በርካሽ ማደሪያ የሚሰቀለው አጎበር ብዙውን ጊዜ የተቀደደ ወይም ለአልጋው ያጠረ ነው። ጫፉን ፍራሹ ሥር ማስገባት አለባችሁ፤ እጅ ወይም እግር አጎበሩን ነክቶ ከተኛ ትንኟ በጨርቁ በኩል ትነክሳለች። በድሬ ልማድ ሙቀት ሲበዛ አልጋ ግቢ አውጥቶ መተኛት አለ፤ እዚያ ያለ አጎበር እንዳትሞክሩት። ማብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም አጎበሩን መግለጥ ያምራችኋል፤ በዚያች ሰዓት ታገሡ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ወራት ቢያልፉም እንኳ፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከተሰማችሁ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ፤ ጋምቤላ ሄደን ነበር ብላችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

የባሮ ልጅ (ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ)

መምህር፣ ከተማዬን ለማየት ስላሰባችሁ ደስ ብሎኛል። ተወልጄ ያደግሁት ጋምቤላ ነው፤ አሁን በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጋሼም እህቴም የጻፉት ትክክል ነው፤ የቀረውን ልጨምር።

በቋንቋ በኩል አትቸገሩም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በገበያም፣ በባጃጅም፣ በምግብ ቤትም በአማርኛ ትግባባላችሁ። ስለዚህ ከተማ ውስጥ አስጎብኚ መቅጠር አያስፈልጋችሁም። በክልሉ አኙዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ እንዲሁም ከሌላ አካባቢ የመጡ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ። ሰውን ገና ሳትተዋወቁት ብሔርህ ምንድን ነው ብላችሁ አትጠይቁ። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ደስ የማይል ጥያቄ ነው፤ ሰዎች በዚህ ምክንያት የሞቱበት ከተማ ውስጥ ደግሞ የባሰ ይከብዳል።

ወንዙን ለማየት የሚበጀው ሰዓት ማለዳና አመሻሽ ነው። በማለዳ ዓሣ አጥማጆች ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በተሠራ ታንኳ ላይ ቆመው ሲቀዝፉ ታያላችሁ፤ ታንኳው ጠባብ ስለሆነ የሚቆሙት አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርገው ነው። አመሻሽ ላይ ሕዝቡ ለመታጠብና ልብስ ለማጠብ ወደ ውኃው ይወርዳል። የሚታጠብ ሰው ፎቶ ማንሳት ነውር ነው፤ ከሩቅ በስልክ አጉልቶ ማንሳትም እንደዚያው። ድልድዩን፣ ኬላውንና የጸጥታ ኃይሎችንም አታንሱ። የስደተኞች መጠለያዎች የሚጎበኙ ሥፍራዎች አይደሉም፤ ያለ ስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ፈቃድ አይገባባቸውም፤ ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ለእይታ መሄድ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ውኃው ውስጥ አትግቡ። አዞ አለ። በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ሲዋኝ በአዞ ተገድሏል፤ ከዚያ ወዲህም ባሮ የኛን ሰው መውሰዱን አላቆመም። ሕዝቡ ሲታጠብ ብታዩ እነሱ የሚወርዱበትን ቦታ፣ ሰዓትና የውኃውን ጠባይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁ ነው፤ ይህም ሆኖ አደጋ ይደርሳል።

በምግብ በኩል ጋምቤላ ለቆጣቢ ሰው ትመቻለች፤ ዓሣ ብሉ። ጤፍ ከደጋ ተጭኖ ስለሚመጣ እንጀራ ይወደዳል፤ ዓሣው ግን ከደጃፋችን ነው። ጉላሹም ጥብሱም ጥሩ ነው፤ ናይል ፐርች ካገኛችሁ ሥጋው ወፍራምና አጥንቱ ጥቂት ስለሆነ እሱን ምረጡ። ቀትር ላይ ሄዳችሁ እዘዙ፤ ዓሣው በጠዋት የወጣው ነውና ማታ ላይ የተረፈ ከምትበሉ ይሻላል። ለመጠጥ የታሸገ ውኃ በብዛት ስለምትገዙ በበጀታችሁ ውስጥ ለብቻው ያዙት፤ ከምግቡ ላይተናነስ ይችላል።

ወደ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ካሰባችሁ በዚህ በጀት ተዉት። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከደቡብ ሱዳን ወደኛ እየተሻገረ በትልቅ መንጋ የሚጓዝበት ሥፍራ ነው፤ ግን ለዚያ ጠንካራ መኪና፣ ነዳጅና ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ያስፈልጋል። በምትኩ በሚኒባስ እስከ አቦቦ ብትሄዱ የአልዌሮን ግድብ ታያላችሁ፤ ብዙ ወፍ አለ፤ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ።

ስለ ጸጥታ በግልጽ ልናገር። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ ታጣቂዎች ገብተው ውጊያ ተካሂዷል፤ ከዚያ በኋላም በማኅበረሰቦች መካከል በተነሱ ግጭቶች የሰዓት እላፊ የታወጀባቸው ጊዜያት ነበሩ። በሰላሙ ጊዜ ደግሞ እንግዳ አክባሪ፣ በየማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጨዋወት ሕዝብ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት ያለውን ሁኔታ ከተማዋ ውስጥ ከሚኖር ሰው ጠይቁ፤ መቱ ስትደርሱም ከጋምቤላ የመጡ ሾፌሮችን እንደገና ጠይቁ፤ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አትሂዱ ካሏችሁ መቱ ላይ ቆዩ። መታወቂያችሁ ኬላ ላይ ስለሚጠየቅ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። መሸት ካለ በኋላ ከማደሪያችሁ አትራቁ። ቴሌብርና ባንክ አለ፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ሁለቱም ስለሚቆሙ ለመመለሻ የሚበቃ ጥሬ ብር ያዙ።

የሳቢያኑ መምህር (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ሁሉንም አንብቦታል፤ ጋሼ ያሉትን ተቀብለን መቱን በዕቅዳችን ውስጥ አስገብተናል፤ መድኃኒቱንም ለመጠየቅ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። መሄጃውን በመሬት ካደረግነው በዚያው መንገድ መመለስ የእረፍታችንን ብዙ ቀን ይበላብናል። ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን መመለስ ለእኛ ዓይነቱ ተጓዥ ከልክ ያለፈ ወጪ ነውን?

የከዚራው ቀያሽ (ድሬዳዋ)

አይደለም፤ እኔ ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። ሒሳቡን እንዲህ ያስሉት፦ የመመለሻውን ትራንስፖርት፣ በመንገድ ላይ የምታድሩባቸውን አልጋዎችና የሁለት ሰው ምግብ ደምራችሁ ከአውሮፕላኑ ዋጋ ቀንሱ፤ የሚቀረው ልዩነት ቲኬቱን ስታዩ ከምትፈሩት ያነሰ ነው። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ ዘግይቶ የሚገዛ ሰው የቀረውን ወንበር በውድ ይገዛል። የበረራው ለውጥ ወይም መሰረዝ ሊያጋጥም ስለሚችል አዲስ አበባ በደረሳችሁበት ቀን ባቡር ለመያዝ አታቅዱ፤ አንድ ሌሊት መካከል ላይ ይኑር። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጁን ወይም ታክሲውን ከማደሪያችሁ ባለቤት ጋር ተማክራችሁ በዋዜማው ተስማሙ። ደግሞም ከጎሬ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በመሄጃው ስለሚታይ በመመለሻው የሚያመልጣችሁ ነገር የለም፤ በረራው የቀን ከሆነም ያቋረጣችሁትን ደን ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ።